ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር

ጥር ገብቶ ሰርጉ ሲበረታ፣ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ መርሳ አንዱ ዳስ ውስጥ መቀመጥን የመሰለ ነገር የለም። ሙሽሮቹን ማየት አለ፣ ዘመድ መጠያየቅ አለ፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ አንገት ለማየት ነው የምሄደው። ትከሻማ ሌላውም አገር አለ፤ ወሎ ላይ ጨፋሪ የሚለየው በአንገቱ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ጎረምሳ መሀል ገባ። የሙሽራው የአጎት ልጅ ነውና ገና ከመግባቱ ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። ትከሻው ከበሮውን እየቀደመ ይሄዳል፤ አንገቱ ገና አልነቃም። ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ባለ 200 ብር በላብ የራሰ ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ልብ ብላችሁ አይታችሁ እንደሆነ፣ ብር የተለጠፈበት ሰው ጭፈራው እዚያው ይለወጣል፤ እንዳትወድቅበት አገጩን ቀና፣ አንገቱን ደረቅ ያደርጋል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ወደ ብሯ ይሄዳል። እልልታው ደግሞ የሚብሰው ያን ጊዜ ነው።

አብሬ አጨበጨብኩ፤ ሰርግ ፈተና አይደለም፣ የመጣ ሁሉ ሊጨበጨብለት ይገባል። ዳሱ ውስጥ እልል ያላሉት ከበሮ የሚመቱት እናት ብቻ ነበሩ። ልጁ በቀደመ ቁጥር ምቱን ላላ፣ ሲደርስላቸው ጠበቅ፤ ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አይነበብም፣ እጃቸው ግን ይናገራል። እልልታ የቤተ ዘመድ ነው፣ ምት ግን ዘመድ የለውም።

በማግስቱ አቦሉ እንደተቀዳ ልጁ ከበሮ መቺዋን እናት፣ «እማማ፣ ትናንት እንዴት ነበርኩ?» አላቸው። ቤቱ እሳቸውን ቀድሞ «አንደኛ!» አለ። እሳቸው ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለስ አድርገው፣ «ትከሻህ ደግ ነው ልጄ። ትቸኩላለህ እንጂ። ከበሮው እስኪጠራህ ጠብቅ» አሉና በጣታቸው የረከቦቱን ጠርዝ ቀስ እያሉ መቱለት። ጥቂት አንገቱን ደፋ። ቶናው ሲቀዳ ያንኑ አንገት ቀና አድርጎ አንድ ጊዜ ሰበቀው፤ ልክ ምቱ ላይ አረፈ።

ወሎ ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን የወሰዱበት አገር ነው። እንዲህ ያለ አገር ላይ ጆሮ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ደፍሮ የሚናገር አፍ ነው። እነ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰ ያለፉበት የደሴው ላሊበላ የኪነት ቡድንም በጭብጨባ ብቻ የተሠራ አይመስለኝም፤ ከመድረክ በፊት «እስቲ እንደገና» የሚል ሰው ሳይኖረው አልቀረም። ያ ሰው ዛሬም በየሰፈሩ አለ፤ የሚያወራው ግን ጨፋሪው ከሄደ በኋላ፣ ለጎረቤት ነው። ለባለቤቱ፣ በቡና ላይ፣ «ልጄ» ብሎ ቢነግረው ምን ነበረ?

እንግዲህ በመጪው ጥር መርሳም ሆነ ውርጌሳ ሰርግ ከተጠራችሁ፣ ሽልማቱን አትንፈጉ፤ ብሩን ግን በእጁ ስጡት፣ ግንባሩን ተዉለት።