ሳንጠይቃቸው

የእንግሊዝኛ ክፍለ ትምህርት የመመረቂያ ጽሑፎች የተደረደሩበትን መደርደሪያ አንዴ ያየ ሰው፣ ከአሥረኛው ጥራዝ በኋላ ርእሶቹን ሳያነብ መገመት ይችላል። «የመናገር ክሂልን የማስተማር ተግባርና ተግዳሮቶች፤ በእንዲህ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በዘጠነኛ ክፍል ላይ በማተኮር»። ቀጥሎ የማዳመጥ ክሂል ይመጣል፤ ከዚያ የማንበብ፣ ከዚያ የመጻፍ። አራቱ ክሂሎች ሲያልቁ ትምህርት ቤቱ ይቀየራል፤ ትምህርት ቤቶቹ ሲያልቁ ዘጠነኛው ክፍል አሥረኛ ይሆናል። ውስጡ ሲገለጥ መምህራን «ሁልጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ አንዳንዴ፣ አልፎ አልፎ፣ በጭራሽ» ከሚል ሰንጠረዥ ላይ ምልክት አድርገዋል፤ አማካዩም እስከ ሁለት የነጥብ ቤት ተሰልቷል። ግኝቱ፦ መምህራን በተግባቦታዊው የማስተማር ዘዴ ያምናሉ፤ ክፍል ውስጥ ግን አይተገብሩትም፤ ተማሪው ብዙ ነው፣ መጽሐፉ አይዳረስም፣ ሥልጠና የለም። የመፍትሔ ሐሳቡ፦ ሥልጠና ይሰጥ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ውሸት የለም። የሚያንገበግበው መጠይቁ ሳይታደል በፊት ይህን የማያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። መጠይቁን ያዘጋጀው ተማሪ ራሱ ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ ብዙውን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሲያስተምር ቆይቶ የመጣ መምህር ነውና። ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ዩኒቨርሲቲ ይጎርፉ የነበሩትን መምህራን አስቧቸው። ከጂንካ፣ ከነጌሌ ቦረና፣ ከሰቆጣ፣ ከአሶሳ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ዶርም ውስጥ ተፋፍገው፣ በዝናብ እየተመላለሱ ይማራሉ፤ መስከረም ሲጠባ ወደየሰሌዳቸው ይመለሳሉ። ክረምቶቹ ሲያልቁ «ጥናት አቅርቡ» ይባላሉ። ከሰማንያ የማያንሱ ቋንቋዎች ባሉበት አገር፣ በአንደኛው ቋንቋ ተወልዶ ያደገ፣ በዚያው ቋንቋ አፉን ለፈታ ልጅ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ በዚያ ላይ የምርምር ዘዴ የተማረ ሰው! ይህ የውጭ አጥኚ ዕድሜ ልኩን ቢለፋ የማይደርስበት ሰው ነው። እኛ ይህን ሰው እጃችን ላይ አግኝተን ሰንጠረዥ እንዲያስሞላ ላክነው።

እንዴት አያስቆጭ? እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የመጡ ጥቂት አጥኚዎች አገሩን ዞረው የቋንቋ አጠቃቀሙን አጠኑ። ሥራቸው በቤንደር፣ በቦወን፣ በኩፐርና በፈርጉሰን አዘጋጅነት በ1976 በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ታተመ። ገበያ ሳይቀር ወርደው ሻጭና ገዢ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ አይተዋል። ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ፤ ዛሬም በዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ያንን መጽሐፍ ሳይጠቅስ አያልፍም። እነሱ መጥተው የሄዱ እንግዶች ነበሩ። የእኛ ተማሪ እናት እዚያው ገበያ ውስጥ ቅቤ የምትሸጥ ናት፤ ከደንበኛ ጋር በሁለት ቋንቋ ስትከራከር፣ ከጎረቤቷ ጋር በሦስተኛ ስታማ እየሰማ ነው ያደገው። ለመመረቂያው የመረጠው ግን ርብቃ ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመችውን የቋንቋ መማሪያ ስልቶች መጠይቅ ነው። መጠይቁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ልጅ እናት በየትኛው ስልት ሦስት ቋንቋ እንደቻለች የሚጠይቅ ተራ ቁጥር የለውም። እሷ ደግሞ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰችም።

ክፍል ውስጥ ያለውንም እንይ። የእንግሊዝኛን ቀላል ኃላፊ ጊዜና ውጤቱ እስከ አሁን የሚዘልቀውን ሌላውን ጊዜ ለይቶ ማስረዳት የየመምህሩ ፈተና ነው። መጽሐፉ መስመር አሥምሮ፣ መስመሩ ላይ ነጥብና ቀስት አድርጎ ያስረዳል፤ ልጁ ቀስቱን ያያል እንጂ አይገባውም። መምህሩ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ተቆጣጣሪ አለመኖሩን አረጋግጦ፣ በአማርኛ «ሄደ» እና «ሄዷል» ይላል። ክፍሉ አንዴ «አሃ!» ይላል። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ «ዴሜ» እና «ዴሜራ» ይላቸዋል፤ እዚያም ይሠራል። ቋንቋቸው ይህን ልዩነት በሌላ መንገድ የሚያበጅ ልጆች ሲሆኑስ? እነሱን የሚያስተምረው ሰው ምን ዘዴ አበጀ? «ዚስ ኢዝ» የሚለውን ልጅ ምላሱን የት እንዲያደርግ ነገረው? ተነባቢዎች ሲደራረቡበት መሐላቸው አናባቢ የሚሸጉጠውን፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ጭራሽ የሚውጠውንስ? እነዚህ ሁሉ በየክፍሉ በየቀኑ የሚፈቱ እንቆቅልሾች ናቸው፤ ፈቺዎቹም ስም የሌላቸው መምህራን ናቸው።

ጥናቶቹ ይህንን አላዩትም ማለት አይደለም። አይተውታል፤ «ችግር» ከሚለው ንዑስ ርእስ ሥር አስገብተውታል። «መምህራን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይጠቀማሉ» ይላል፤ መቶኛም አለው። ምን ብለው ተጠቀሙበት፣ የቱ ላይ ሠራ፣ የቱ ላይ ከሸፈ የሚለው የለም። አገሪቱ ራሷ የፈለሰፈችው የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ ቢኖር ኖሮ ምንጩ እዚያች ሹክሹክታ ውስጥ ነበር፤ እኛ ግን ጥፋተኛ ብለን መዘገብናት።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ስንመጣ ቁጭቱ የሰው ስም አለው። ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ወደ ዝቋላ በሚደረግ የበሽተኛ አባት ጉዞ ላይ የተመሠረተው «ዘ ቴርቲንዝ ሰን» በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ወጣ። በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ አንድ እጅ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ልብ ወለድ። ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ጸጋ ይወርድለታል? ያውም ደራሲው ባዕድ አይደለም፤ እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተማረ፣ እስከ 1987 ዓ.ም. በሕይወት የነበረ ሰው ነው። ለአማርኛ አንባቢው ያስቀረውን ለእንግሊዝኛው ለምን እንዳብራራ፣ የጠበል ቦታውን ጩኸትና ስለት በባዕድ ቋንቋ ሲጽፍ ምን እንዳመለጠው፣ ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው ወጣት ይጠበቅ ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ ያመጣ፣ «ኦዳ ኦክ ኦራክል»ን እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ ያሳተመ፣ እስከ 1998 ዓ.ም. የኖረ ባለቅኔ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈው ልብ ወለድ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞት እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ታተመ፤ በአማርኛም ጻፈ፤ በ1969 «ዘ አፈርሳታ»ን በእንግሊዝኛ አወጣ። ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ደራሲ!

ደበበ ሰይፉ ይህን አይቶት ነበር። ገጣሚው ደበበ እ.ኤ.አ. በ1980 ለማስተርስ ዲግሪው ያቀረበው ጥናት በእንግሊዝኛ የጻፉ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ነበር። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ከኋላው በገፍ ይገባሉ ሲባል፣ ብዙው ተማሪ ተመልሶ በናይጄሪያዊው ደራሲ በአቼቤ ሥራ ውስጥ ስለ ሴት ገጸ ባሕርያት አሳሳል መጻፉን ቀጠለ። አቼቤ ክብር ይገባዋል፤ ነገር ግን ስለ አቼቤ የሚጽፍ ሰው ናይጄሪያ ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። ዳኛቸውን ማን ይጻፍለት?

ምክንያቱን ስንፍና ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ልክ ግን አይደለም። እነዚያ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። ተማሪው ስለ መንደሩ ቋንቋ አንስቶ እንደሆነ «ያ የሥነ ልሳን ክፍል ሥራ ነው» ይባላል። የአገሩን ደራሲ ቢያነሳ «እሱ የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ነው»። የእንግሊዝኛ ክፍል እንግሊዝኛ ብቻ እንዲያጠና አጥር ታጠረለት፤ አጥሩን ያጠረው ደግሞ የቢሮ ድልድል እንጂ ዕውቀት አይደለም። በዚያ ላይ «ጋፑ የታል?» የሚል ጥያቄ አለ። ጋፕ ማለት ከውጭ መጽሔት ተፈልጎ የሚገኝ ቀዳዳ ሆነ፤ ተማሪው የመጣበት ወረዳ ሙሉ በሙሉ ያልተጻፈበት መሆኑ ግን እንደ ጋፕ አይቆጠርም። አንድ አማካሪ በአንድ ዓመት ብዙ ተማሪ ተቆልሎበት፣ ምዕራፍ አንድን ሲያርም ሚያዝያ ያልቅበታል። ለመስክ ሥራ የሚሰጠው ገንዘብ አውቶቡስ አያሳፍርም። የተለመደውን ርእስ የያዘ በሰዓቱ ይመረቃል፤ አዲስ ነገር የሞከረ ዲፌንስ ላይ ላብ ያጠምቀዋል። ማን ይሞክራል? ኋላ ላይ ነገሩ እንዲያውም ተደጋጋሚ በመሆኑ ሸቀጥ ለመሆን ተመቸ፤ በየስልክ እንጨቱ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት የተለጠፈው ጥናቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። የዳኛቸውን ሁለት ልብ ወለዶች አነጻጽሮ የሚሸጥ ደላላ አላየሁም።

መሣሪያ አልነበረም እንዳይባል፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀው ሁሉ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነበረ። ቦታው ሩቅ ነው እንዳይባል፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ወደ ቦታው ሄዱ። ከሁለት ተነሥተው ከአርባ በላይ ሆኑ፤ የእንግሊዝኛ ክፍል ያልተከፈተበት ብዙ የለም። አሶሳ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዙሪያው በርታ፣ ጉሙዝ፣ ማኦ፣ ኮሞ ይነገራል። ጂንካ ላይ አለ፤ በዚያው አካባቢ በወይጦ ወንዝ ዳር ኦንጎታ የሚባል ሕዝብ አለ፤ ልጆቹ ጻማይኛ ሲናገሩ አድገው የአባቶቻቸውን ቋንቋ የሚናገሩት በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ብቻ ቀሩ። ዘላለም ልየው የቅማንትኛን መዳከም ጭልጋና ከርከር ድረስ ሄዶ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2003 በመጽሐፍ ማውጣቱ ሥራው በእኛ ሰው እንደሚሠራ ያሳያል። አንድ ቋንቋ ለሌላው ቦታ ሲለቅ ምን እንደሚሆን ማወቅ ደግሞ ለእንግሊዝኛ መምህር ባዕድ ጉዳይ አይደለም፤ እሱም በየቀኑ አንድ ቋንቋ በሌላው ላይ እየጨመረ ነው የሚውለው።

ከሁሉ የከፋው ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሰጥቶን ያባከንነው ዕድል ነው። የመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ሲባል፣ አንዱ ክልል ስምንት ዓመት፣ ሌላው ስድስት፣ ሌላው አራት አድርጎ ልጆቹን ወደ እንግሊዝኛ አሻገረ። አንድ አገር፣ አንድ ሥርዓተ ትምህርት፣ የተለያየ መሻገሪያ! የዓለም የቋንቋ አጥኚ በገንዘብ የማይገዛው ሙከራ በነጻ ደጃችን ላይ ተዘረጋ። ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ዘገባ ስምንቱን ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳዩ። አንድ ትልቅ ዘገባ። በየወረዳው ተበትነው የነበሩት መመረቂያ ጽሑፎች አንድ ዓይነት የንባብ ፈተና፣ አንድ ዓይነት የድምፅ ቅጂ ብቻ ተስማምተው ቢሰበስቡ ኖሮ የልጆቹን ጉዞ ዓመት በዓመት የሚያሳይ ክምችት ይኖረን ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ፕላዝማ ሲመጣም እንዲሁ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ወርዶ በአንድ ሰዓት ሁሉም ክፍል ገባ፤ መምህሩ ሰሌዳው ጥግ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ጥናቶቹ የጠየቁት «ስለ ፕላዝማ ያለዎት አመለካከት ምንድን ነው?» ብለው ነው። ተማሪው የማያውቀውን ድምፅ በዚያ ፍጥነት ሲሰማ በመጀመሪያው ደቂቃ ስንቱን ቃል እንደያዘ የሚነግረን ቢኖር ምን ያህል በጠቀመ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ደነገጠ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ የፊዚክሱን ጥያቄ ያላወቀው ፊዚክሱን ባለማወቁ ነው ወይስ ጥያቄው የተጻፈበትን ዓረፍተ ነገር ባለመረዳቱ? ይህን ለመመለስ የሰው ኃይልም፣ ጊዜም፣ የጥናት ወረቀትም ነበረን። ወረቀቱ አልቋል እንጂ መልሱ የለም።

አሁን ደግሞ ሰዎቹም እያነሱ ነው። ሰባ ለሠላሳ የተባለው ምደባ ተማሪውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲያዞር የእንግሊዝኛ ክፍል ከሠላሳው ላይ ተሻማ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሲቀንስ ደግሞ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ያ በክረምት ዝናብ ከአራቱም ማእዘን የሚጎርፍ የመምህራን ሠራዊት እንደገና አይሰበሰብም። ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። አንዳንዶቹ በየከተማቸው የጎረቤት ልጅ ሲያስጠኑ ይውላሉ፤ አሁንም «ሄደ» እና «ሄዷል» እያሉ። ስልክ ቢደወልላቸው ያነሳሉ።