«ይመስላል» የምትለው ቃል ዋጋ

የሰላዮችን ታሪክ ሳነብ ከጀብዱአቸው ይልቅ ሹመታቸው ይስበኛል። አንድ መንግሥት ማንን ለምን ወንበር እንደሚመርጥ ማየት የመንግሥቱን ጠባይ ለማወቅ ይረዳልና። ከ2004 እስከ 2009 ኤም አይ ሲክስ የተባለውን የእንግሊዝ የውጭ ስለላ ድርጅት የመሩት ሰር ጆን ስካርሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ስካርሌት በኦክስፎርድ ታሪክ ተምረው በ1971 ወደ ድርጅቱ ገቡ። በናይሮቢ፣ በሞስኮና በፓሪስ አገለገሉ። ሶቪየት ኅብረት በፈረሰችበት ዘመን በሞስኮ የድርጅቱ ቢሮ ኃላፊ ነበሩ፤ በ1994 ግን ሩሲያ አባረረቻቸው። እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው የአንድ ብቁ ባለሙያ ታሪክ ነው።

ፈተናው የመጣው በ2001 የጋራ መረጃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከሆኑ በኋላ ነው። የዚህ ኮሚቴ ሥራ ከየስለላ ድርጅቱ የሚመጣውን ወሬ አበጥሮ፣ የታመነውን ከተጠረጠረው ለይቶ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ማቅረብ ነው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 2002 የቶኒ ብሌር መንግሥት ስለ ኢራቅ የጦር መሣሪያ አንድ ሰነድ ለሕዝብ አወጣ። ሰነዱን የማዘጋጀቱን ሥራ የመሩት ስካርሌት ነበሩ። ኢራቅ ከጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎቿ አንዳንዶቹን ትእዛዝ በተሰጠ በ45 ደቂቃ ውስጥ ለጥቃት ማዘጋጀት እንደምትችል ተጻፈበት። ወሬው የሚመለከተው በጦር ሜዳ የሚተኮሱ አነስተኛ መሣሪያዎችን እንደነበር ግን ሰነዱ አልገለጠም። ኮሚቴው በምስጢር ጽሑፎቹ ላይ ያሰፈራቸው የጥርጣሬ ቃላትም ለሕዝብ በወጣው ሰነድ ላይ ሳስተው ተገኙ።

«አለ» እና «ያለ ይመስላል» የሚሉት ቃላት ልዩነት በወረቀት ላይ እጅግ ጠባብ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ግን ጦርነት አለፈ። በማርች 2003 ኢራቅ ተወረረች። የተባለው የመሣሪያ ክምችት የሰማይ ላም ሆኖ ቀረ። የቺልኮት አጣሪ ጉባኤ በ2016 እንዳስታወቀው፣ እስከ 2009 አጋማሽ ድረስ ቢያንስ 150,000 ኢራቃውያን ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ሰላማዊ ሰዎች ነበሩ።

ስካርሌት ዋሽተዋል ለማለት ማስረጃ የለኝም። ሎርድ ሃተን በ2004 ያሉት ነገር ግን ከውሸት ይልቅ ያስፈራኛል፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍላጎት ስካርሌትንና የኮሚቴውን አባላት ሳይታወቃቸው ተጽዕኖ አድርጎባቸው ሊሆን ይችላል አሉ። ማንም አላዘዘም፤ ማንም አልፎከረም፤ አለቃው የሚወደው መልስ ብቻ ይታወቅ ነበር። በየትኛውም አገር ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ነገር ሳይነገረው ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት ጁላይ የወጣው የሎርድ በትለር ሪፖርት ይበልጥ ያስገርማል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ተጽዕኖ የማይደርስበት፣ ምናልባትም ሌላ ሹመት የማይጠብቅ፣ በመጨረሻ ሥራው ላይ ያለ ሰው ቢሆን እንደሚመረጥ መከረ። ቀድሞ ለድርጅቱ አለቅነት የታጩት ስካርሌት ግን ከሹመቱ ወደ ኋላ እንዳይሉ ይኸው ሪፖርት ተማጸነ። ጥፋቱ የጋራ ነው፤ አንድ ሰው ለብቻው ሊሸከመው አይገባም የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ጥፋት የጋራ ሆኖ እድገት የግል ሲሆን፣ ከኋላ የሚመጣው ወጣት ባለሙያ ምን ይማራል? ስካርሌት በነሐሴ ወር ገደማ ወንበሩን ያዙ፤ የሰርነት ማዕረጉም በ2007 ተከተለ።

እንግሊዞች ጉዳዩን ደጋግመው በአደባባይ መርምረዋል፤ ይህ ሊመሰገንላቸው ይገባል። አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ለሞቱት ግን ንጋቱ ዘግይቷል። ስለዚህ አንድ መንግሥት የስለላ አለቃ ሲሾም እኔ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው አለቃው ፊት ቆሞ «ይመስላል» የምትለውን ቃል አላወጣም ብሎ ያውቃልን?

ቸር ይግጠመን።