ያልተረጎምኩት መጨረሻ

በ1998 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ቪዲዮ ቤት፣ ማይክ ይዤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ አንድ ውሸት ተናገርኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። የሰማኝ ሰው ከስልሳ አይበልጥም። ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ እስከ ዛሬ ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኳትም።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣ ብሎኝ እቤት የተቀመጥኩ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ ስለተወራልኝ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት በቀን ስምንት ብር እየከፈለኝ ፊልም እንድተረጉም ቀጠረኝ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማታ ውርጩ ሲወርድ ሰው ተጠጋግቶ የሚሞቅበት ቦታ ወይ ጠላ ቤት ነበር ወይ ቪዲዮ ቤት። የኛዋ መስኮቷ ብርሃን እንዳያስገባ በባና ተጋርዷል፣ አግዳሚዎቹ ከባሕር ዛፍ የተጠረቡ ናቸው፣ መግቢያዋ አንድ ብር ነበር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፤ እኔም ከጄኔሬተሩ በላይ እጮሃለሁ።

የተርጓሚን ሥራ ላላየ ሰው ልንገር። ተዋናዩ ተናግሮ ሳይጨርስ አንተ በአማርኛ ማለት አለብህ። ከዘገየህ ተመልካቹ ያፏጫል። ስለዚህ የሰማኸውን ትላለህ፤ ያልሰማኸውን ደግሞ ከተዋናዩ ፊት አንብበህ ትሞላለህ። ራምቦና ኮማንዶ ላይ ይሄ ብዙም አይጎዳም፤ ጥይቱ ራሱ ይናገራል። እኔ ግን ስሞላ ስሞላ መሙላት ለመድኩ። ማንም አላረመኝም፤ ሊያርመኝ የሚችልም አልነበረም። ኃጢአቴ የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሰው ሁሉ ጆሮ አፌ ላይ እንደሆነ እያወቅሁ «ይሄ አልገባኝም» ማለት አፈርኩ።

ለዚያ ፋሲካ ባለቤቱ ከደብረ ብርሃን ገዝቶ ያመጣው «ናሽናል ትሬዠር»ን ነበር። ጆን ተርተልታብ ያዘጋጀው፣ ኒኮላስ ኬጅ የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የዲስኒ ፊልም ነው፤ የተደበቀ ሀብት ፍለጋ። በአገሩ ብዙ ሃያሲ ታሪኩ አያሳምንም ብሎ ሲያጣጥለው፣ ቤተሰብ ግን ልጆቹን እየያዘ ገብቶለት በዓለም ዙሪያ ከ340 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የኛ ሰውዬ ይህን አያውቅም። ሻጩ የነገረውን ይዞ «ከልጅ ጋር የሚታይ፣ ደም የሌለበት» ብሎ በሩ ላይ በጠመኔ ጻፈ። በዚህ የተነሳ የቪዲዮ ቤት ደፍ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች መጡ። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አንድ መሪጌታ በልጅ ልጃቸው እጅ ተጎትተው ሲገቡ አግዳሚው ሁሉ ብድግ አለላቸው።

እስከ መጨረሻው ድረስ ብዙም አልተሳሳትኩም። እ.ኤ.አ. በ1776 የወጣው የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ጀርባ ላይ በማይታይ ቀለም ምስጢር ተጽፏል፤ ጀግናው ቤን ጌትስ ክፉዎቹ እንዳይሰርቁት ቀድሞ ራሱ ይሰርቀዋል፤ ከዚያ በሎሚ ጭማቂና በሙቀት ጽሑፉን ያወጣዋል። ሎሚው ብራናው ላይ ሲነካ ቤቱ ጸጥ አለ። ብራና ሲገልጡ የኖሩት መሪጌታ ወደ ፊት ዘንበል ሲሉ አየኋቸው።

ኒውዮርክ ውስጥ፣ ትሪኒቲ ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ወርቁ ተገኘ። እሳቱ ጨለማውን እየከፈለ ሲሄድና ሀብቱ ከዳር እስከ ዳር ሲታይ አንዲት እናት እልል አሉ። ከዚያ ጀግናውና ሲያሳድደው የነበረው መርማሪ ቁጭ ብለው በፍጥነት ማውራት ጀመሩ። አንድም ነገር አልያዝኩም። ሰው ሁሉ «እሺስ?» ብሎ ወደኔ ዞረ።

«ሕጉ ከመሬት ሥር ያገኘ ሰው ያገኘው የራሱ ነው ይላል፤ ወርቁን ጠቅልሎ ወሰደው» አልኩ።

ያቺ ናት።

ሲያልቅ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ «እንዴት ነበር?» እያለ ሰዉን ይጠይቅ ነበር። አረቄ የሚሸጡ አንዲት እትዬ ጀግናው ከአባቱ ጋር መታረቁን ወደዱ። የወፍጮ ቤት ሠራተኛው «እንዲህ ያለ አምጡ እንጂ፣ መገዳደል ሰለቸን» አለ። ልጆቹ ወሬያቸው ሎሚው ብቻ ነበር። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እኔን ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ወርቁ የማን ነበር?»

«የጥንት ሰዎች የደበቁት ነው፣ የኔታ።»

«ለሚገባው አልተመለሰም?»

«የለም፣ ያገኘው ወሰደው።»

«እንግዲያማ ሌባ ነው» አሉና የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ።

እኔ ለባለቤቱ «አልገባቸውም» አልኩት። የላሊበላው የወርቅ መስቀል፣ አፍሮ አይገባ፣ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ በ1993 ከተመለሰ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን ለጨረሱ ሰው «ያገኘ ይወስዳል» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያም አላሰብኩትም።

በሳምንቱ አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞኝ የደብተር ወረቀት አሳየኝ። ከቆላ የመጣ ሎሚ ገዝቶ፣ በስንጥር ስሙን ጽፎ፣ ከሰል ላይ አሙቆት ፊደሎቹ ቡኒ ሆነው ወጥተዋል። የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ወረቀቱ ተቃጥሎ ተበስቷል። «ጋሼ፣ እውነት ነው እኮ!» አለኝ። ደስታው አይረሳኝም። ሎሚው እውነት ከሆነ የቀረውም እውነት ነው ብሎ ነበር።

ግንቦት ላይ ያ ልጅና ሦስት ጓደኞቹ ዶማ ይዘው ገደሉ ሥር ወዳለች ትንሽ ዋሻ ወረዱ። ጥንት ወርቅ ተደብቆባታል ሲባል ሰምተዋል። ሲቆፍሩ የወጣው የሰው ዐፅም ነው። ወርቁ ከሥር ይሆናል ብለው ዐፅሙን ወደ ጎን እየወረወሩ ቆፈሩ። እረኛ አይቷቸው ጮኸ።

በኛ አገር ዋሻ ምን እንደሚይዝ ትልልቆቹ ያውቃሉ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ዘረት አጠገብ፣ አመጸኛ ዋሻ የተሸሸጉ አርበኞችን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ጣሊያን በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጅቷል። ልጆቹ የቆፈሩት ሌላ ዋሻ ነው፤ የማን ዐፅም እንደሆነም የሚያውቅ አልተገኘም። ያም ሆኖ ዶማ ያረፈበትን የራስ ቅል ሽማግሌዎቹ በነጠላ ሲጠቀልሉ ያለቀሱትን አይቻለሁ።

«ማን አስተማራችሁ?» ተባሉ። ሦስቱ አቀረቀሩ። ባለ ሎሚው ልጅ በሰዉ መሐል ፈልጎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ሕጉ ያገኘ ይወስዳል ይላል ብለህ የለ?»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እንደዚያ ማታ። «ፊልም ነው የተረጎምኩት፤ ቆፍሩ መች አልኩ?» አልኩ። በቂ ሆነላቸው። መሪጌታ ብቻ ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ምንም አላሉም።

ቤተሰቦቹ ጧፍና ዕጣን ተቀጡ፣ ዐፅሙ ተመልሶ ተቀበረ። የሌሎቹ ነገር በዚያው አለፈ። ያን ልጅ ግን አባቱ አሳፈርከኝ ብሎ ገረፈውና መርሐቤቴ፣ አጎቱ ዘንድ ከብት ጠባቂ አድርጎ ሰደደው። ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ደብተሩ ላይ የጻፈልኝን ስም ከዚያ በኋላ ማንም ከመዝገብ አልጠራውም።

ፊልሙን በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከልጄ ጋር ተቀምጬ ከነጽሑፉ አየሁት። ቤን ጌትስ ወርቁን ጠቅልሎ አልወሰደም። ሀብቱ ለዓለም ሕዝብ ይሁን ብሎ ካይሮን ጨምሮ ለየአገሩ ሙዚየም እንዲከፋፈል ነው የሚጠይቀው። አሥር በመቶ ቢሰጡት እምቢ ብሎ አንድ በመቶ ብቻ ይቀበላል። የኛም ሕግ እኔ እንዳልኩት አይልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ድንገት ያገኘ ሰው ጠብቆ ያስታውቃል እንጂ የኔ ነው አይልም። ልጄ «አባ፣ ለምን ታለቅሳለህ?» አለችኝ። ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ የተናገረው ስለ ፊልሙ አልነበረም፤ እኔ ስለሠራሁላቸው መጨረሻ ነበር። መሪጌታ እውነተኛውን ቢሰሙት ይመርቁት ነበር ብዬ አምናለሁ። ልነግራቸው አልቻልኩም፤ አርፈዋል።

ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከአራቱ አንዱን አገኘሁት። ባጃጅ ይነዳል። ሁሉንም ነገርኩት። ሞተሩን አጥፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጋሼ፣ እኔን ተወኝ። ለእሱ ንገረው» ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። ዓለም ከተማ ነው አሉ ያለው፣ ድንጋይ ይፈልጣል። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ሁለቴም ሳያነሳ ዘጋሁት።

ነገ ስደውል እስኪያነሳ እጠብቃለሁ። የምለውም ይሄን ነው፦ ወርቁን አልወሰደውም። ሕጉም እንደዚያ አይልም። የዚያን ቀን በሰው ፊት የጠየቅኸኝ እውነት ነበር፤ ብያለሁ።