የሰው አገር ተማሪ፦ የረመዷን ሰሞን በእንጅባራና በዳንግላ



የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚወጣበት ሰሞን በየቤታችን የሚነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ልጅ የሚያስበው ስለሚማረው የትምህርት ዓይነት ነው፤ እናት ግን «አገሩ እንዴት ያለ ነው? መስጊድ አለው? ልጄ ምን ትበላለች? ማን ያውቃታል?» ትላለች። አባት ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን ከእናት ጥያቄ ይከብዳል። ቦታው ራቅ ካለና የተመደበችው ሴት ልጅ ከሆነች «ይቅርባት» የሚል ውሳኔ ላይ የሚደርስ ቤተሰብም አለ።

እኛም ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማታ በመድረሳ የምናስተምር በመሆናችን ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ወደ እኛ ይመጣል። ሳያዩ ከመምከር አይቶ መምከር ይሻላል ብለን በ2015 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ፣ ረመዷን በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሁለት መምህራን ሆነን ወደ አዊ ዞን ተጓዝን። እነሆ ያየነውንና የሰማነውን እናካፍላችኋለን።

ከአዲስ አበባ እስከ እንጅባራ መንገዱ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ከዚያ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ አገው ምድር ይገባል። እንጅባራ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር ከአስፋልቱ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ ይገኛል። ጥንት እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ውኃ ሞልቶበት የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን ደን ከቦታል፤ ከመኪና ወርዶ ያላየው መንገደኛ አጠገቡ አልፎ ሐይቅ መኖሩን ሳያውቅ ሊሄድ ይችላል።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዩኒቨርሲቲዋ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ የቆላውም የደጋውም ልጅ ይመጣባታል። ከአሶሳ የመጣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አገኘንና የመጀመሪያ ሰሞኑን እንዲያጫውተን ጠየቅነው። «ኡስታዝ፣ መጀመሪያ የተቀበለኝ ብርዱ ነው» አለን እየሳቀ። አሶሳ ከእንጅባራ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የአየሩ ሙቀት ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀንስ ልጁ የተሰማው ነገር ማጋነን አይደለም። ይዞት የመጣው አንድ ስስ ጃኬት ብቻ ነበር። ለሱብሒ ውዱእ ሲያደርግ ውኃው እጁን እንደ መርፌ ይወጋው እንደ ነበር፣ በመጀመሪያው ሳምንት ጋቢ ገዝቶ እስኪለብስ ድረስ ጣቶቹን ማጠፍ ያቅተው እንደ ነበር ነገረን።

ሁለተኛ ያስገረመው ቀርከሃው ነው። እንጅባራና አካባቢዋ በቀርከሃ የታወቁ ናቸው፤ በመንገዱ ዳር ወንበሩ፣ አልጋው፣ መደርደሪያው ተሠርቶ ይሸጣል። አሶሳም የቀርከሃ አገር ናትና ልጁ ቀርከሃን ሲያይ ዘመድ ያገኘ ያህል ሮጦ ሄደ። ነካ ቢያደርገው ውስጡ ባዶ ነው። የቆላው ቀርከሃ ውስጡ የደፈነ ሲሆን የደጋው ግን ክፍት ነው። «ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሌላ፤ አገሩም እንደዚሁ መሰለኝ» አለን። ሸንበቆ የሚጠርበው ሰውዬ ልጁ በቀርከሃ እንዲህ መደነቁን አይቶ ከየት እንደ መጣ ጠየቀው፤ አስቀምጦም የሁለቱን ልዩነት አስነገረው። በከተማው የመጀመሪያ ወዳጁ ይህ ሰው ሆነ።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በከተማው አማርኛ ይነገራል፤ ገበያ ሲወጡ ግን አውኚ ይሰማል። አውኚ የኩሽ ቋንቋ ሲሆን በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይማሩበታል። ሕዝቡ ራሱን «ሰባት ቤት አገው» ብሎ ይጠራል፤ በትውፊቱም ባንጃ፣ አንከሻ፣ ኳኩራ፣ ዚገም፣ አዘና፣ ቻራና መተከል የሰባት ወንድማማቾች ቤቶች ናቸው። ፈረስ በዚህ አገር የክብር እንስሳ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያጌጡ ፈረሶች ከየወረዳው ወደ እንጅባራ ይተማሉ። ከጅማ የመጣው ጓደኛው በመጀመሪያ ዓመቱ ይህን ባየ ጊዜ ለአባቱ ስልክ ደውሎ የፈረሶቹን ኮቴ በስልክ አሰምቶታል።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ደስ ይላል። በአንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ላይ የደረሰው ግን ለወላጆች ሁሉ ትምህርት ስለሚሆን እንዲጻፍ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠቅስም። ልጅቱ በመጡ በሁለተኛው ቀን ከምግብ ቤት ስትገባ ወጥ ቀርቦ አየች። ሥጋ ይኑርበት አይኑርበት፣ ያረደው ማን እንደ ሆነ አላወቀችም። መጠየቅ አፈረች። ትሪውን መልሳ ወጣች። በማግሥቱም እንደዚሁ አደረገች። እንዲህ እያለች ሁለት ወር ሙሉ በዳቦና በሻይ ቆየች። አባቷ በየማታው ይደውላል፤ «በላሽ?» ይላታል፤ «በላሁ፣ ደህና ነኝ» ትለዋለች። እውነቱን ብትናገር «ነገ ተመለሽ» እንደሚላት ስለምታውቅ ነበር የደበቀችው። በፈተናው ሰሞን ግን ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች።

ያነሣቻት አብራት የምታድር የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፤ ክርስቲያን ናት። ነገሩን ሁሉ ጠይቃ ከተረዳች በኋላ ወቀሰቻት፤ «እኔ በጾም ቅቤ እንዳይነካብኝ ስጠይቅ አላፍርም፤ አንቺ ለምን ታፍሪያለሽ?» አለቻት። ከዚያ ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ አንዷ ዘንድ ይዛት ሄደች። ሴትዮዋም «ልጄ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ሽሮው የት ይጠፋ ነበር?» ብላ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥጋ በሚቀርብበት ዕለት ለብቻዋ ታስቀምጥላት ጀመር። ከፍ ያሉ ሙስሊም ተማሪዎችም ነገሩን ሰምተው አዲስ ገቢዎችን በመጀመሪያው ሳምንት እየፈለጉ ማነጋገርን ሥራዬ ብለው ያዙት።

እኛ በሄድንበት ሰሞን ይህ ጥያቄ ጭራሽ አልነበረም። በዚያ ዓመት ረመዷን መጋቢት 14 ቀን ሲገባ ሁዳዴም ተጀምሮ ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አል-ፊጥር ደግሞ ሚያዝያ 13 ዋለ። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ጾመኛ ነበር። በአንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ አንዱ እስከ ቀትር በኋላ ይጾማል፣ ሌላው እስከ መግሪብ። መግሪብ ሲደርስ ወደ ከተማው መስጊድ ሄድን። ቴምር፣ ሳምቡሳና የገብስ ሾርባ ቀርቦ ነበር። ተማሪዎቹ የመጡባቸውን አገሮች ብንቆጥር ከአሥር አለፉ። ተራዊሕ ተሰግዶ ሲያበቃ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበርና በጋቢያቸው ተጠቅልለው በቡድን በቡድን ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ ከኋላቸው ተከተልን። ከመካከላቸው ብቻውን የሚሄድ አላየንም።

ለመሆኑ ይህ የአገው ሕዝብ የሩቅ አገር ተማሪን ይህን ያህል የለመደው ከየት ነው? እኛ እንደሚመስለን መልሱ በራሱ በጎጃም ታሪክ ውስጥ አለ። ጎጃም የቅኔ ቤት አገር ነው። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከአገሩ ርቆ በየደጁ «ስለ» እያለ የሚማረውን የቆሎ ተማሪ ሕዝቡ ለዘመናት ሲያበላ ኖሯል። በእኛም ዘንድ ደረሳ በወሎ ዳናና ገታ ድረስ በእግሩ ተጉዞ፣ ሸይኹ ዘንድ ከርሞ፣ የአካባቢው ሰው ባካፈለው እህል ኪታቡን ይጨርስ ነበር። ሁለቱ ትምህርቶች የተለያዩ ናቸው፤ የተማሪው ረሃብና የአስተናጋጁ ደግነት ግን አንድ ነው። በእንጅባራ ለተማሪዎች ክፍል የሚያከራዩ አንዲት እማማ «ተማሪ የእግዜር እንግዳ ነው» ሲሉን፣ እኛ ደግሞ በቤታችን «እንግዳ የአላህ ነው» ስንል ያደግን ነንና ቃላቸው እንግዳ አልሆነብንም።

የሰው አገር ተማሪ መሆን ለሙስሊሙ አዲስ ነገር አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ በቲምቡክቱ፣ በሳንኮሬ መስጊድ ዙሪያ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች ይማሩ ነበር። በቻድ ሐይቅ አካባቢ የነበሩት የካኔም ሰዎች እ.ኤ.አ. በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለልጆቻቸው ማደሪያና መማሪያ እንዲሆን በካይሮ የኢብን ረሺቅን መድረሳ በገንዘባቸው አሠርተዋል። የእኛም አገር ተማሪዎች በአል-አዝሀር የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው፤ ስሙም የጀበርት ሪዋቅ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825 የኖረው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዚሁ ሪዋቅ ሸይኾች ዘር ነው። እንግዲህ አስተውሉ! ከካኔምም ሆነ ከጀበርት የሄዱት ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት ነገር ልጁ የት ያድራል፣ ከማን ጋር ይበላል የሚለውን ነበር። ይህ የኮምቦልቻዋ ልጅ አባት ጥያቄ ነው።

በማግሥቱ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዘን ዳንግላ ገባን። በመንገዳችን በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ተክሎ አገሩን ሁሉ አረንጓዴ አድርጎታል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ በመንገድ ዳር ተደርድሯል። ብዙ የገበሬ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ከዚህ ነው።

ዳንግላ የቆየች የንግድ ከተማ ናት። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስላ በዚህች ከተማ ነበር፤ ቆንስሉ ሜጀር ቺዝማን ከዚህ እየተነሣ ጣናንና ዓባይን ዞሮ ካርታ አንሥቷል፤ መጽሐፉም በ1936 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሱቃቸው ደጃፍ ያገኘናቸው አንድ ሐጂ ግን ቺዝማንን አላነሡልንም። እሳቸው የነገሩን በቅሎ ጭነው ጨውና ጨርቅ ስለሚያዞሩት የቀድሞ ነጋዴ አባቶች ነው። «ልጆቼ፣ እኛ ከዚህ ሕዝብ ጋር የኖርነው በሚዛን ነው። ሚዛንህ ትክክል ከሆነ ጎረቤትህ ልጅህን ያሳድግልሃል» አሉን። ተማሪውስ ሚዛኑ ምንድን ነው ብንላቸው «ጠባዩ» ብለው በአጭሩ መለሱልን።

ውድ ወላጆች፣ ጉዟችንን ካደረግን በኋላ ነገሮች ተለዋውጠዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ተባባሰ፤ ሐምሌ 28 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መንገድ የተዘጋበት፣ የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለ መንገዱ ሳያጣሩ ልጅን መሸኘት አይገባም። መጓዝ አደጋ አለው ከተባለ መቆየት ፍርሃት አይደለም፤ ነፍስን መጠበቅ ግዴታችን ነውና። ነገር ግን የመንገድን አደጋና የሰውን አገር እንግድነት አንድ አድርገን አንይ። የመጀመሪያው ያልፋል፤ በሁለተኛው ምክንያት ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ግን ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጉዳት ነው።

ለሚሸኝ ቤተሰብ ከዚህ ጉዞ ያገኘነው ምክር አጭር ነው። አንደኛ፣ ለደጋ አገር ጋቢ አይረሳ። ሁለተኛ፣ ልጁ ከመሄዱ በፊት በዚያ ከተማ ካለ መስጊድ ወይም ከቀድሞ ተማሪ የአንድ ሰው አድራሻ ይፈለግለት። ሦስተኛ፣ ሐላል ምግብን መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ በቤቱ ሳለ ይነገረው፤ በትሕትና የጠየቀ አያጣም። አራተኛውና ዋናው ለእናንተ ለራሳችሁ ነው። ልጃችሁ በስልክ «ቸገረኝ» ቢላችሁ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ተመለስ» አይሁን። «ምን ልርዳህ?» በሉት። «ተመለስ» የሚለው ቃል የሚያስፈራው ልጅ ረሃቡንም ሕመሙንም ይደብቃል፤ የኮምቦልቻዋ ልጅ ሁለት ወር የተራበችው ምግብ ጠፍቶ አልነበረም።

ይህችው ልጅ በረመዷኑ ማብቂያ ለአባቷ ደውላ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። አባትየው ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ያቺን የፍኖተ ሰላም ልጅ ስልክ ስጪኝ፤ ላመስግናት» ብቻ አላት።

አላህ በየአገሩ ለዕውቀት የተበተኑትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን።