ግብ ስለማያገቡ ተጫዋቾች

የእግር ኳስ ወሬ ሲነሣ፥ በሞላሌም ሆነ በአዲስ አበባ፥ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን አገባ?» የሚለው ነው። ጨዋታው የሚቈጠረው በግብ ስለ ሆነ ጥያቄውን አንቃወመውም። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በኋላ ሌላ ጥያቄ ሳይከተል መቅረቱ ሁልጊዜ ይከነክነናል።

በቅርብ ጊዜ እዚሁ ሞላሌ ከመምህራንና ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ጋር ሻይ ስንጠጣ፥ አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችበትን የ1954 ዓ.ም. ውድድር አንሥተን፥ ያሸነፉትን ተጫዋቾች በስም እንዲቈጥሩልን ጠየቅናቸው። መንግሥቱ ወርቁን ሁሉም በአንድ አፍ ጠሩት። ሁለቱ ወንድማማቾች ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ ተከተሉ። ግርማ ተክሌን አንድ የታሪክ መምህር አስታወሰ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። አራቱም በፍጻሜው ጨዋታ ግብ ያገቡ ናቸው። የበረኛውን ስም የተናገረ ግን አልተገኘም።

የዚያን ዕለት የሆነውን በደቂቃ ብንመረምረው ነገሩ ይገለጣል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም፥ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ በ35ኛው ደቂቃ ቀደመች። ግርማ በ74ኛው ደቂቃ አስተካከለ፤ ዳሩ ግን ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ የተባለው ተጫዋች ሁለተኛውን ግብ አገባብን። ሉቻኖ በ84ኛው ደቂቃ እንደገና አስተካከለ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፥ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አምበሉ ሉቻኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኛ ግን አንባቢያችን አንዲት ሒሳብ እንዲያሰላልን እንለምነዋለን። ከ75ኛው ደቂቃ እስከ 120ኛው ያለው ጊዜ 45 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም የአንድ ጨዋታ እኩሌታ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ፥ ቡድናችን በመጀመሪያ ለማስተካከል በኋላም ለማሸነፍ ወደ ፊት ሲገፋ፥ በእኛ መረብ ላይ አንዲት ኳስ አላረፈችም። ሉቻኖ ከማስተካከሉ በፊት ሦስተኛ ግብ ገብቶብን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ መንግሥቱ ግብ የምናወራው ምን ይሆን ነበር? በሩን ዘግተው የቆሙት በረኛው ጊላሚካኤል ተክለ ማርያም፥ ከኋላና ከመካከል የተሰለፉት ክፍሎም አርአያ፥ አስመላሽ በርሄ፥ በርሄ ጎይቶም፥ አዋድ መሐመድና ተስፋዬ ገብረ መድኅን ናቸው። ስማቸውን እዚህ የጻፍነው አንድ ተማሪ እንኳ በደብተሩ ይገለብጠው እንደ ሆነ በማለት ነው።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። የስፔይኑ ሪያል ማድሪድ በ1995 ዓ.ም. ክረምት ስመ ጥሩውን ቤካምን ገዝቶ፥ ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ኳስ የሚነጥቅለትን ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠው። ከዚያም እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ የአገሩን ሻምፒዮና ሳያገኝ ቆየ፤ ቼልሲ ግን በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. በእንግሊዝ አሸነፈ። ምክንያቱ እርሱ ብቻ ነው አንልም። በቅርጫት ኳስም አሜሪካዊው ዴኒስ ሮድማን ነጥብ በማግባት ሳይሆን፥ ከቅርጫቱ ነጥራ የምትመለሰውን ኳስ በመልቀም ሰባት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ሆኗል። (በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚሠሩ ጓደኞቻችን ይህን ሳንተነትነው ይረዱታል። ፋይሉ ወዲያው ሲገኝ ማን እንዳስቀመጠው የሚጠይቅ የለም።)

ነገሩ ለእኛ የቀረበው ግን በአንድ የሞላሌ ተማሪ ምክንያት ነው። ልጁ ከኋላ የሚጫወት፥ ቀልቡ የማይበተን፥ ኳስ ሲነጥቅ ሰው የማይጎዳ ነው። አንድ እሑድ ቡድኑ 1 ለ 0 አሸንፎ ቤቱ ሲገባ አባቱ «ስንት አገባህ?» ይሉታል። «አንድም» ይላቸዋል። «ታዲያ ምን ስትሠራ ዋልህ?» አሉት። በማግስቱ ከእንግዲህ ወዲህ ወይ ከፊት እሰለፋለሁ ወይ አልጫወትም ብሎ ለአሠልጣኙ ነገረ።

አባትየው የበግ ባለቤት ስለ ሆኑ ሄደን በሚያውቁት ነገር ጠየቅናቸው። «አባቴ፥ እረኛዎ ማታ በጎቹን ሁሉ ሳያጎድል ሲመልስ ምን ይሉታል?» አልናቸው። «ምን እለዋለሁ፤ እራቱን ይበላል» አሉን። «አንዲቱን ጅብ ቢበላበትስ?» ብንላቸው ሳቁ፤ መልስ ግን አልሰጡንም። በሚቀጥለው እሑድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሜዳው ዳር ቆመው አየናቸው። ኳስ ወደ ልጃቸው በኩል በመጣች ቍጥር በጣታቸው ይቈጥሩ ነበር።

ልጁም ከኋላ መጫወቱን ቀጠለ። እኛም ከመምህራኑ ጋር ገንዘብ አዋጥተን፥ በዓመቱ መጨረሻ ለአንድ ከኋላ ለሚጫወት ተማሪ የሚሸለም ጥሩ የመንዝ ባና አዝዘናል። ሱፉ ተፈትሎ አልቆ ባናው በሸማኔው እጅ ነው። የቸገረን ዳኝነቱ ነው፤ የገባውን ግብ የሚቈጥር ሞልቷል፥ ሳይገባ የቀረውን የሚቈጥር ግን እስካሁን ከእኒያ አባት በቀር አላገኘንም። እርሳቸው እንዳይዳኙ ደግሞ የራሳቸው ልጅ አለበት።