ቆጠራው ከመቼ ይጀምራል?

የውሃ ሕግን ሳስተምር ከሁሉ የሚከነክነኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ወንዝ ሲጎድል ማን ይቅደም?

የአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች መልስ አጭር ነው፦ ውሃውን ቀድሞ በሥራ ላይ ያዋለ በመብትም ይቀድማል። በድርቅ ዘመን የፊተኛው ድርሻውን ሳይሞላ ለኋለኛው አይደርሰውም። እ.ኤ.አ. በ1922 የተፈረመው የኮሎራዶ ወንዝ ስምምነትም ለአገልግሎቶች ተራ አበጀላቸው፤ የቤት ፍጆታና እርሻ ከኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሦስቱም ከመርከብ ጉዞ እንዲቀድሙ ደነገገ።

ሕጉ ጥበብ አያጣም። ቦይ የቆፈረ ገበሬ ነገ የሚመጣ ባለሀብት እንዳይነጥቀው ዋስትና ይሻል። ይሁንና ከሁሉ ቀድመው በወንዙ ዳር የኖሩት ነባር ሕዝቦች በዚያ ድርድር አልተወከሉም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞንታና በተነሳ ክርክር፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ለነባር ሕዝቦች መሬት ሲከለል ውሃም አብሮ እንደተጠበቀላቸው ፈርዶ ነበር። ያው ፍርድ ቤት በ2023 ግን፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ መንግሥት ለናቫሆ ሕዝብ ውሃውን ለማስገኘት እርምጃ የመውሰድ የውል ግዴታ የለበትም አለ። መብት ያለ ቧንቧ!

ዓባይን ለምናውቅ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ወንዙን ለሁለት ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያን የጠራት አልነበረም። ነገር ግን ዳኝነቱ በእኛም ላይ ይሁን። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ሲንሰራፋ፣ ከብቱን ከዚያ ሲያጠጣ የኖረውን የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደር ማን ጠየቀው?

ስለዚህ «ቀድሞ የመጣ ይቅደም» የሚለኝን ሁሉ፣ ዓመቱን ከየት ጀምረህ ትቆጥራለህ? ብዬ እጠይቀዋለሁ።