የአያት ስም ይዞ ወደ ጎንደር

የልጅዎን የትምህርት ቤት መታወቂያ ይመልከቱት። ሦስተኛው ስም የአያቱ ነው። በየፈተናው ወረቀት ላይ ይጽፈዋል፤ የስሙ ባለቤት የት እንደተወለዱ፣ የትኛውን ማሳ እንዳረሱ ግን ላያውቅ ይችላል። የዘር ሐረግዎ ከጎንደር የሚመዘዝ ከሆነ፣ ልጅዎ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ይዘውት ይሂዱ። በዚህ ዕድሜ የሰማውን አይረሳም።

ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ባሕር ዳር አድሮ መቀጠል ይሻላል። ከመነሳትዎ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም እዚያው ካሉ ዘመዶች ይጠይቁ።

ጎንደር ላይ ከፋሲል ግቢ ይጀምሩ። ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሩት አጼ ፋሲል ናቸው። በዚያው ግቢ ልጃቸው ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱም የየራሳቸውን ሠርተዋል። ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ «ኢያሱ ዮሐንስ ፋሲል፤ ልክ እንደ አንተ መታወቂያ!» ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ያሠሩት እኚሁ ኢያሱ ናቸው። ከደርቡሽ ቃጠሎ በተረፈው በዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩት የመላእክት ፊቶች ልጁን ስልኩን ያስረሱታል።

በማግስቱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገው ደባርቅ ይግቡ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሚከፈለውም፣ ስካውት የሚመደበውም እዚያ ነው። ሳንቃበር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጋቢና ሹራብ አይርሱ። ሣር የሚግጡትን የጭላዳ መንጋዎች ቀረብ ብለው ያያሉ፤ ዋልያን ለማየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ዋናው ጉዳይ ግን የዘመድ ቤት ነው። ወገራም ይሁን ጃናሞራ፣ ቡናና ስኳር ይዘው ይግቡ። አንድ አዛውንት ልጅዎን «የማን ልጅ ነህ?» ማለታቸው አይቀርም። እርስዎ ቀድመው አይመልሱለት። የአባቱን ስም ሲናገር ዝም ብለው ሊያዩት ይችላሉ፤ አባቱ ከተሜ ነው፣ ላያውቁት ይችላሉ። የአያቱን ሲጨምር ግን ፊታቸው ይፈታል። «የእሱ ልጅ ነህ እንዴ!» ብለው ያቅፉታል። ለልጅዎ ያ ስም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰው ይሆናል።

ከዚያ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩት። ዱሮ ይህ ቆጠራ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ መጠበቂያ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ከአራተኛው አናልፍም። ፈቃድ ጠይቆ የአዛውንቱን ድምፅ በስልኩ ይቅዳ፤ ስሞቹን በደብተር ይጻፍ፤ የአያቱን ማሳና መቃብርም ይይ።

«ለገና ካልተመቸን ለፋሲካ» እያልን እናዘገየዋለን። ፋሲካ በየዓመቱ ይመጣል። ሰባቱን ቤት ሳይሳሳቱ የሚቆጥሩት አዛውንት ግን በየመንደሩ አንድ ወይም ሁለት ቢቀሩ ነው።